በሰው ፊት

ሰውየው የተገኘው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ከመድረኩ ጀርባ በቆመ የብረት ኮንቴይነር ውስጥ፣ በድምፅ ማጉያ ሳጥኖች መሀል በጎኑ ወድቆ፣ በሩ ከውጭ ተቀርቅሮበት። ያ ብረት ከጠዋት ጀምሮ በበጋ ፀሐይ ሲጋገር ውሏል። እኔ ስደርስ የሕክምና ሠራተኞቹ በቃሬዛ ሊያወጡት ጎንበስ ብለው ነበር። ጭንቅላቴን ወደ ውስጥ ሳስገባ ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ።

"አለ?" አልኩ።

"ትንፋሹ አለ" አለችኝ ሐኪሟ ሳትዞር። "ግንባሩ ተፈንክቷል፤ እኔን የሚያሰጋኝ ግን ሙቀቱ ነው። ሩብ ሰዓት ቢዘገይ ሬሳ ነበር የምናወጣው።"

የተጎዳው ሰው በሪዙ ርዝመት "ሪዛሙ" የሚባለው ትራምፔት ነፊ ነው፤ የዕለቱ ትልቅ ባንድ መሪ። በአስራ አንድ ሰዓት መድረክ ሊወጣ ነበር። ከኮንቴይነሩ ማዶ፣ በአንድ ሸራ ብቻ ተከልሎ፣ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይዘላል። የሆነውን የሰማ የለም። ሊሰማም አይችልም፤ የባሱ ድምፅ ደረት ውስጥ ይገባል።

ይህን ታሪክ ለባልደረቦቼ ሳወራ የምዘለው ቦታ አለ። ዛሬ አልዘልም።

በየበጋው እዚያ ሜዳ ላይ የሙዚቃ ፌስቲቫል ሲኖር መምሪያችን ድንኳን ይተክላል፤ አንድ ኢንስፔክተርና አንድ ሳጅን ተቀምጠው የጠፋ ስልክና የጠፋ ልጅ ይቀበላሉ። የዚያን ቀን ተረኞቹ እኔና አንዲት ሳጅን ነበርን። ሥራው ቀላል ነው ብዬ ታላቅ ወንድሜን ይዤው ሄጄ ነበር። ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ያሳደገኝ እሱ ነው። በዚያ ሐሩር ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ ከድንኳናችን አለፍ ብሎ ካለው ዛፍ ሥር በታጣፊ ወንበር ተቀምጦ ሙዚቃ ይሰማ ነበር። ወደ ኮንቴይነሩ ስሮጥ በአጠገቡ አለፍኩ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ሰውየውን ያገኘው "ሽቦ" የሚባል የመድረክ ሠራተኛ ነው። ቀጭን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ገመድ ሲጎትት ይውላል፤ ስሙን ከሁለቱ ከየትኛው እንዳገኘው እንጃ። እኔ ግን ከሌላ ቦታ አውቀዋለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት መጋዘን ሰብሮ ሲገባ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አራት ዓመት ታስሮ ወጥቷል። ሸሚዙ በደም ተለውሷል።

"ስጎትተው ነው" አለኝ፣ ዓይኔን ተከትሎ። "ብቻዬን ላነሳው ሞክሬ አቃተኝ።"

"ሲገባ አይተኸዋል?"

"አዎ፣ የትራምፔቴን መንፊያ ረስቻለሁ ብሎ ገባ። ጨርቁን ያሰርኩለት እኔ ነኝ።"

"የምን ጨርቅ?"

ወደ በሩ እጀታ ጠቆመኝ። "አንድ ሰው ኮንቴይነር ውስጥ ሲገባ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ እናስራለን። ጨርቁ ካለ ሰው አለ ማለት ነው፤ ያንን በር ማንም አይነካም። ከኛ ውስጥ እዚያ ቀልድ የሚቀልድ የለም። አሁን ግን ስመጣ በሩ ተቀርቅሯል፣ ጨርቁም የለም። ደነገጥኩ፤ ከፈትኩት።"

"ካሰርክለት በኋላ የት ነበርክ?"

ትንሽ ዘገየ። "በመድረኩ ቀኝ በኩል። ገመድ ስዘረጋ።"

ሳጅኗ ጨርቁን አገኘችው። ከበሩ አጠገብ ባዶ ሳጥን አለ፤ እሱ ላይ ተቀምጧል። የተጣለ አልነበረም። በአራት ታጥፎ፣ የመጨረሻው ጫፍ እንዳይፈታ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል።

"ደግሞ እንዴት ያለ ጨዋ ወንጀለኛ ነው!" አለች ሳጅኗ። "ሰው ፈንክቶ ጨርቅ ያጥፋል?"

ጨርቁን በጓንት ተቀብዬ እጥፉን ረጅም ጊዜ አየሁት። ለምን እንደሆነ ራሴን አልጠየቅኩም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ፌስታል ውስጥ ከተትኩትና መለስኩላት።

"የኋላው በር መዝገብ ይታይ?" አለችኝ። "ከመድረክ ጀርባ የሚወጣና የሚገባ ሰው ሁሉ ይጻፋል አሉ።"

"ቆዪ፣ መጀመሪያ ሰዎቹን" አልኩ።

የሪዛሙን ባንድ ድራመር ያገኘነው በሁለተኛው መድረክ ጓሮ ሸሚዙን ሲጨምቅ ነው። ጠዋት ከሪዛሙ ጋር መጣላቱን ሦስት ሰዎች ነግረውናል።

"ተጣልቼዋለሁ" አለ፣ ሳይሸሽግ። "አስራ ሁለት ዓመት ስጣላው ኖሬአለሁ። ታስሩኛላችሁ?"

"መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?"

"ሰባት ተኩል ላይ። ወደዚህ ስመጣ ኮንቴይነሩ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሌላ ባንድ የምታጅብ ከሃዲ ነህ ብሎ ሰደበኝ። እኔም መለስኩለት፤ ምን እንዳልኩት ግን በሴት ልጅ ፊት አይነገርም።"

ሳጅኗ ፈገግ አለች። "ከዚያስ?"

"ከዚያማ እዚህ ወጥቼ እስከ ስምንት ሰዓት ከሩብ መታሁ። ይህ ሁሉ ሕዝብ አይቶኛል፤ የፈለጋችሁትን ጠይቁ።"

ስለዚህ ሰባት ተኩል ላይ ሪዛሙ ደህና ነበር፤ ስምንት ሰዓት ላይ ወድቆ ተገኘ። ድራመሩ ደግሞ በመሀሉ ከመድረክ አልወረደም። የቀረችን ግማሽ ሰዓት ናት። የመብራት ባለሙያውን ስንጠይቀው ሽቦ በዚያ ግማሽ ሰዓት በመድረኩ በቀኝም በግራም እንዳልነበረ ነገረን። "ስፈልገው ነበር" አለ። "ስጣራ ጉሮሮዬ ነቃ።"

ለኔ በቃኝ። ውሸታም፣ በዚያ ላይ የቀድሞ እስረኛ፣ በዚያ ላይ ሸሚዙ በደም የተነከረ። ሳጅኗ መዝገቡን አንድ ጊዜ ደግማ አነሳችብኝ፤ እጄን አወናጨፍኩባት። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ እኔ ግን ያን ቀን ችኩል ብቻ አልነበርኩም። የሆነ ነገር ከኋላዬ እየተከተለኝ ወደ ፊት የምሮጥ ሰው ነበርኩ።

ሽቦ መድረኩ ላይ ነበር። አንዱ ባንድ ወርዶ ሌላው እስኪወጣ ማይክ ያቆማል። ከታች ሆኜ ልጠራው እችል ነበር። ወርዶ ከሸራው ጀርባ ሊያገኘኝ ይችል ነበር። እኔ ግን ደረጃውን ወጥቼ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዤ ካቴና አስገባሁለት። ካሜራ የያዘው ሰው ሥራ ፈትቶ ነበር መሰለኝ፣ ወዲያው ወደ እኛ አዞረው። ከመድረኩ ግራና ቀኝ ባሉት ትልልቅ ስክሪኖች ላይ የሽቦ ፊት ወጣ። ከሕዝቡ ውስጥ ፉጨት ተነሳ። የሳቀም ነበር።

"ኢንስፔክተር" አለኝ በሹክሹክታ፣ "ልጄ እዚህ አለች። ከፊት ናት። እባክዎ፣ ዝም ብዬ እከተልዎታለሁ፤ ይሄን ብቻ ይፍቱልኝ።"

"ሂድ" አልኩት።

ከመድረኩ ፊት ባለው የብረት አጥር ላይ የዘጠኝ ዓመት የምትሆን ልጅ ተንጠልጥላ "አባ!" ስትል ሰማኋት። አንዴ አየኋትና ፊቴን አዞርኩ።

ድንኳን ውስጥ ሽቦ ብዙ አላስቸገረንም። አንገቱን ደፍቶ ተናገረ።

"ዋሽቻለሁ። ገመድ አልነበረም የምዘረጋው። ልጄን ከፊት ቦታ ላስይዛት ወጥቼ ነበር።"

"ለዚህ ብለህ ትዋሻለህ?"

"በሥራ ሰዓት ጥሎ የወጣ ይባረራል። ይህን ሥራ ለማግኘት ሁለት ዓመት ነው የለመንኩት።" ቀና አለ። "ልጄ ስታውቀኝ እስር ቤት ነበርኩ። ስሠራ አይታኝ አታውቅም። አባቷ ከዚህ ሁሉ መብራት ሥር ቆሞ ሲሠራ እንድታይ ነው ያመጣኋት። ዛሬ ይህን አየች።"

"መውጣትህን ማን ይመሰክርልሃል?"

"የኋላ በሯ ሴትዮ ናታ። ስወጣም ስገባም ጽፋኛለች። እኔኮ መዝገቡን ያያችሁት መስሎኝ ነው።"

ሳጅኗ አየችኝ። መዝገቡን ሁለት ጊዜ አንስታብኝ ነበር።

"እኔው እሄዳለሁ" አልኩ።

የኋላ በር ተቆጣጣሪዋ ጃንጥላ ሥር፣ ክብ መነጽር አድርጋ፣ መዝገቧን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ጠንቃቃ ሴት ናት። ለሽንት የወጣውን ሁሉ ሳይቀር በደቂቃ መዝግባለች። የሽቦ ስም አለ። ሰባት ከሃያ አምስት ወጣ፤ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ገባ። ሪዛሙ ሰባት ተኩል ላይ ቆሞ ሲሳደብ ሽቦ ከአጥሩ ውጭ ነበር ማለት ነው። ተመልሶ ሲገባ ደግሞ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከሰው ተጣልቶ፣ ፈንክቶ፣ በር ቀርቅሮ፣ ጨርቅ አጥፎ፣ እርዳታ አይጠራም። ሙቀቱም በሁለት ደቂቃ ሰው አይጥልም።

በዚያች ግማሽ ሰዓት ከኋላ የነበሩትን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠርን። የሁሉም ቦታ ይታወቃል።

"ያልተጻፈ ሰው አለ?" አልኳት።

መዝገቡን ጣቷ መሀሉ እንዳለ ዘጋችው። ከኋላዬ ሰው አለመኖሩን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ያው... እርስዎ ካስገቡት እንግዳ በቀር የለም።"

መዝገቡን ተቀብያት እንደገና ገለጥኩት።

"'ከኔ ጋር ነው' ሲሉኝ መጻፉ ነውር መሰለኝ። የመግቢያ የእጅ አምባር እንኳ አልጠየቅኩም። ደግሞ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ። ሲወጡም አይቻቸዋለሁ፤ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነው። ሰላም ብላቸው አልሰሙኝም።"

"ታዲያ ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?"

በእውነት ግራ ገባት። "እርስዎኮ ነዎት ያስገቧቸው። የሚያውቁትን ነገር እንዴት ብዬ እነግርዎታለሁ?"

የምዘለው ቦታ ይህ ነው።

ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ወንድም ጋሼ "ከድሮ ጓደኛዬ ጋር ሰላም ልባባል" ሲለኝ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። እኔን ለማሳደግ ስንት ነገሩን የተወ ሰው በር ላይ አምባርህ የት አለ ሲባል ማየት አልፈለግኩም። ይሉኝታ ያዘኝ። መታወቂያዬን አሳየሁና "ከኔ ጋር ነው" አልኩ። እሱን ትቼው ወደ ድንኳኔ ተመለስኩ።

ወንድም ጋሼ ልብስ ሰፊ ነው። ልጅ ሳለሁ የትምህርት ቤት ሸሚዜን በየማታው የሚያጥፍልኝ እሱ ነበር፤ በአራት አጥፎ፣ ጫፉን እንዳይፈታ ወደ ውስጥ ሸጉጦ። ጨርቅ አይጣልም ይላል። ቀዩን ጨርቅ እጄ ላይ ሳየው የማንን እጅ እንዳየሁ አውቄ ነበር። አላወቅኩም ብል እዋሻለሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ወንድሜን ፈርቼ ሽቦን ያዝኩ።

በዚያው ቅጽበት ከወገቤ ሬዲዮ ላይ የሐኪሟ ድምፅ መጣ፤ ሰውየው ሆስፒታል ደርሷል፣ ገና አልነቃም። እውነቱን ልናገር። ለአንዲት ደቂቃ፣ ሳይነቃ ቢቀርና ማንም ባያውቅ ብዬ አሰብኩ። ሃያ ዓመት ወንጀል መርምሬአለሁ፤ ከዚያች ደቂቃ የበለጠ ያፈርኩበት ነገር የለኝም።

ወንድም ጋሼ ከዛፉ ሥር እንደተቀመጠ ነው። አጠገቡ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

"ሞተ?" አለኝ፣ ዓይኑን ከመድረኩ ሳያነሳ።

"አልሞተም። አልነቃምም።"

ረጅም ትንፋሽ ወጣው። "ሠላሳ ዓመት ነው ያላየሁት። ባንዱን አብረን ነው የጀመርነው፣ ታስታውሳለህ? እኔ ክላርኔት፣ እሱ ትራምፔት። ከዚያ አባባ ሞተ፣ አንተ ትንሽ ነበርክ፣ ተውኩት።"

"አስታውሳለሁ።"

"አንድ ዘፈን፣ አንዲት ብቻ አብሬህ ልንፋ አልኩት። ከነዚህ ልጆች ክላርኔት አይጠፋም አልኩት። ሳቀ። 'ይልቅ ሱሪዬ ሰፍቶኛል፣ እሱን አጥብብልኝ' አለኝ።" እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ። "ንግግሩስ ግድ የለኝም ነበር። ሳቁ ነው። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ። የሳጥኑ ብረት ጠርዝ ላይ ወደቀ።"

"በሩን ለምን ዘጋኸው?"

"አፈርኩ።"

"ምን ማለት ነው አፈርኩ?"

"አፈርኩ ነዋ! በዚህ ዕድሜዬ ሰው ገፍቼ ስጥል፣ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ዘጋሁት። ሲነቃ ይጮኻል፣ ይከፍቱለታል ብዬ።"

"በዚህ ሁሉ ሙዚቃ መሀል ማን ይሰማዋል?"

"አላሰብኩትም። ሙቀቱንም አላሰብኩትም።"

"ጨርቁንስ? ለምን አጠፍከው?"

አሁን ገና ዞሮ አየኝ። "የትኛውን ጨርቅ?"

አላስታወሰውም። እጁ በራሱ ያደረገው ነው።

"ልጁን ስታስረው በስክሪኑ አይቼሃለሁ" አለኝ። "ልነሳ አልኩ። ደግሞ አንተ አውቀህ ነው የምታደርገው ብዬ... እንጃ። ዝም አልኩ።" ሁለት እጁን ወደኔ ዘረጋ። "በል ካቴናህን አምጣ።"

"አያስፈልግም" አልኩት።

ኮቴን ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩለት። ደግፌ አስነሳሁት። በምግብ መሸጫዎቹ ጀርባ፣ በቆሙት የጭነት መኪኖች መሀል፣ ማንም በማያልፍበት በኩል ወስጄ የፖሊስ መኪናችን ውስጥ አስቀመጥኩት። ከኋላ እንኳ አልነበረም፤ የፊት ወንበር ላይ። ሜዳውን ከሚጠብቁት ፖሊሶች አንዱን ከጎኑ አቁሜ ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ።

የሽቦን ካቴና የፈታሁት እኔው ነኝ። የሆነውን ሁሉ ለሳጅኗም ለሱም ነገርኳቸው፤ ከሁሉ በላይ ለመናገር የከበደኝን መጀመሪያ ተናገርኩ። ሳጅኗ መሬት መሬት ታያለች።

"ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። "ለአለቆችህ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ከሥራህ አትነሳም።"

የእጁን አንጓ አሸ። "ደብዳቤ ልጄ አታነብም።"

"ምን ላድርግልህ ታዲያ?"

"በሰው ፊት አሰሩኝ። በሰው ፊት ይፍቱኝ።"

"ፈታሁህኮ።"

"እዚህ ማን አየ?"

ሬዲዮው እንደገና ጮኸ፤ ሪዛሙ ነቅቷል፣ ትራምፔቴን ማን ያዘልኝ እያለ ነው ተባለ። ሳጅኗ "ተመስገን" አለች። እኔም ልል ፈልጌ ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ ቅድም ያሰብኩት ትዝ ስላለኝ።

አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከሽቦ ጋር መድረክ ወጣን። ፀሐይዋ ዘንበል ብትልም ገና ታቃጥላለች። ማይኩን በቁመቴ ልክ ዝቅ አድርጎ አስተካከለልኝ፣ እንደ ማንኛውም ዘፋኝ። ካሜራው ዞረብን። በስክሪኑ ላይ ፊቴን ሳየው ቤት ያህላል፤ ላቤ ሁሉ ይታያል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ፉጨቱ ተነሳ፤ ከዚያ እየቀነሰ ሄደ።

"በምርመራ ስህተት" ልል ነበር የተዘጋጀሁት። ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፣ አይከብድም። ሽቦ ከጎኔ ቆሞ ነበር። ልጅቷ አጥሩ ጋ ናት።

"ቅድም እዚህ ላይ ያሰርኩት ይህ ሰው ምንም አላጠፋም" አልኩ። ድምፄ ከሜዳው ዳር ደርሶ ተመልሶ መጣብኝ። "የሰው ሕይወት ያተረፈው እሱ ነው። ሳላጣራ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱን የሠራውን ሰው ያለ ፍተሻ፣ ያለ ምዝገባ፣ በኋላ በር ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ወንድሜ ነው።"

ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም አልተሳደበም። ሽቦ ትንሽ ጠብቆ ማይኩን ከፊቴ ወሰደና ለሚቀጥለው ባንድ ከፍ አደረገው። ሥራውን ጀመረ።

ከደረጃው ስወርድ ልጅቷ አጥሩን ዞራ መጥታ ቆማለች። አባቷን ነበር የምትጠብቀው፤ ግን መጀመሪያ የወረድኩት እኔ ነኝ። ላልፍ ስል አቆመችኝ።

"ወንድምዎንም እዚህ ላይ ነው ያሰሯቸው?"

"አይደለም" አልኳት።

"ታዲያ የት ነው?"

ልዋሻት እችል ነበር። "በጓሮ በኩል ወሰድኩት" አልኳት። "ሰው እንዳያየው።"

ራሷን ነቀነቀች፣ የገባት ትመስላለች። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ አባቷ ወደሚሠራበት ቀና ብላ ማየት ጀመረች።